«እንደ ልጃችን ነበረች»

በኢትዮጵያ ኪነ ጥበብ ውስጥ ለብዙ ዘመን ሳትመረመር የኖረች አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች። «እንደ ልጃችን ነበረች» ትላለች። ከ1966 ዓ.ም. በፊት በባለጸጋ ቤት ስላደገች ገረድ በተወሳ ቁጥር ይህች ዓረፍተ ነገር ሳትጠራ ትመጣለች። በመድረክ ትነገራለች፤ በአጭር ልብ ወለድ ትጻፋለች፤ በትዝታ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ ከነእንባዋ ትገኛለች። ተራኪዋ ብዙውን ጊዜ የቤቱ ልጅ ናት። በልጅነቷ ከገረዷ ጋር ቅልብልቦሽ መጫወቷን፣ ሰኞ ማክሰኞ መዝለሏን፣ በእንቁጣጣሽ ማለዳ አብረው አበባ ይዘው መዞራቸውን ታስታውሳለች። ከዚያም አብዮቱ መጣ፤ ሁለቱ ልጆች ተለያዩ፤ ያ ንጹሕ ጓደኝነት ፈረሰ። አንባቢው ያዝናል፤ ተመልካቹ ዓይኑን ይጠርጋል፤ መጋረጃው ይዘጋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። ፈረሰ የተባለው ጓደኝነት በመጀመሪያ ቆሞ ነበርን? ቆሞ ከነበረስ በምን መሠረት ላይ?

ጌታውን የሚወድ አሽከር በየዘመኑ ነበር። አሽከሩን የሚወድ ጌታም እንዲሁ አልጠፋም። መዋደድ ብቻውን ጓደኝነት ቢባል ኖሮ የፊውዳሉ ሥርዓት ከዳር እስከ ዳር የጓደኛሞች አገር በተባለ ነበር። ጓደኛ ማለት ስትጠራ «አሁን አልመጣም» ማለት የምትችል፣ ስትላክ «ዛሬስ አንቺ ሂጂ» ማለት የምትችል፣ ይህን በማለቷም እንጀራዋንና ማደሪያዋን የማታጣ ሰው ናት። እምቢታ በማይቻልበት ስፍራ እሺታ ዋጋ የለውም። በአብዮቱ ዋዜማ ስለነበሩ የሁለት መደብ ልጃገረዶች የሚጽፍ ደራሲ ሁሉ ሥራው መመዘን ያለበት በዚህ ሚዛን ነው። ድኻይቱ ልጅ እምቢ ማለት የቻለችው የት ነበር? መቼ ነበር? ምንስ አስከፈላት?

ቤቱና ሕጉ

የባርነት ሥርዓት በኢትዮጵያ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ከዚያ እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ሠላሳ ሁለት ዓመት አይሞላም። ይህም አንዲት ሴት ተወልዳ፣ አድጋ፣ የራሷን ሴት ልጅ ለአቅመ ሥራ ለማድረስ የሚበቃ ጊዜ ነው። አዋጁ ሰውን መሸጥና መግዛትን ከለከለ፤ የጓዳውን ልማድ ግን በአንድ ቀን ሊያነጻው አልቻለም። ስለዚህ በ1950ዎቹ ወደ አዲስ አበባ ቤቶች የገቡት ትንንሽ ልጃገረዶች የገቡት ነጻ ሰው ተብለው ቢሆንም፣ የተቀበላቸው ልማድ ግን የቀድሞው ልማድ ነበር።

አመጣጣቸው ብዙ ዓይነት ነው። ጭሰኛ አባቷ ለባለመሬቱ ቤት የሰጣት ነበረች። በክርስትና እናት ወይም በሩቅ ዘመድ በኩል «ትማርልኛለች» ተብላ የመጣች ነበረች። ድርቅ ያፈናቀላት፣ ደላላ ያገናኛትም ነበረች። ክፍያዋ ብዙውን ጊዜ ምግቧ፣ የቤቱ ልጅ የጠበባት ቀሚስና አንድ ተስፋ ነበር፤ ይኸውም «ከፍ ስትዪ ትማሪያለሽ» የሚለው ተስፋ ነው። ስሟ ከቤቱ ልጅ ስም ጋር ከገጠመ የሚለወጠው የእርሷ ነበር። አፏን የፈታችበት ቋንቋ አማርኛ ካልሆነም ስሟ ለጠሪዎቿ እንዲመች ተደርጎ ይቀየራል። እናቷ ያወጣችላትን ስም በጓሮ ለብቻዋ ካልሆነ በቀር ሳትሰማው ዓመታት ያልፋሉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአሠሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾችን አስፍሮ ነበር። ማደሪያን፣ ምግብን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓትን በሚመለከት አሠሪው ተገቢውን ጥንቃቄ ያድርግ ይላል። የሚገባውንና የማይገባውን በየዕለቱ የሚለየው ግን ያው አሠሪው ራሱ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንቀጽ ጠቅሳ አትከራከርም። ከሳሽ፣ ዳኛና ምስክር በአንድ ሳሎን ውስጥ በተቀመጡበት ቤት «እንደ ልጃችን» የሚለው ቃል የፍቅር መግለጫ ከመሆኑ በፊት ደመወዝ ላለመክፈል የሚቀርብ ምክንያት ነበር። ልጅ ደመወዝ አይከፈላትምና። ይሁን እንጂ ይህች «ልጅ» ውርስም አይደርሳትም፤ ድግሱ ሲደገስ ከእንግዶቹ ጋር አትቀመጥም፤ ስትታመም ወደ ባላገር ትላካለች። ልጅነቷ ለሥራ ሲሆን የሚታወስ፣ ለመብት ሲሆን የሚረሳ ልጅነት ነበር።

የአማርኛ ቋንቋም ራሱ ምስክር ነው። በሌላ ቋንቋ ሊሸሸግ የሚችለውን የመደብ ልዩነት አማርኛ በግሱ ይናገረዋል። ገረዷ እኩያዋን፣ አንዳንዴም ታናሿን «እትዬ» ትላለች፤ «ይምጡ»፣ «ይብሉ» ትላለች። መልሱ «ነይ»፣ «አምጪ»፣ «የት ነበርሽ?» ነው። ሁለት ልጃገረዶችን በእንዲህ ያለ ንግግር ካነጋገሩ በኋላ «እኩያሞች ነበሩ» ብሎ የሚጽፍ ደራሲ የራሱን ቃለ ተውኔት አላነበበም ማለት ነው።

እቃ እቃ

የትዝታ ጸሐፊዎች በጣም የሚወዱት የጨዋታውን ትዕይንት ነው። ከጨዋታዎቹም እቃ እቃን። በሚያሳዝን ሁኔታ በጣም ቸኩለው የሚያልፉትም ይህንኑ ነው።

በእቃ እቃ ከጭቃ ድስት ይሠራል፤ ከቅጠል ወጥ ይሠራል፤ እንግዳ ይጠራል፤ ቤት ይመሠረታል። በዚያ ቤት ውስጥ እመቤት መኖር አለባት፤ ገረድም እንዲሁ። እመቤት የምትሆነው ማን ናት? በአብዛኛው የቤቱ ልጅ ትሆናለች። ገረዷም በጨዋታ ገረድ ትሆናለች፤ ሥራዋን ከማድ ቤት ወደ ጓሮ አሸጋገረችው እንጂ አልተጫወተችም። አንዳንድ ቀን ግን የቤቱ ልጅ ትሰለችና ቦታ እንለዋወጥ ትላለች። ለተውኔት ደራሲ ወርቅ የሚሆነው ያ ቀን ነው።

ገረዷ እመቤት ስትሆን ቃሉን ሁሉ ታውቀዋለች። የእመቤቲቱን አነጋገር፣ አረማመድ፣ ቅንድብ አነሳስ፣ እንግዳ ሲመጣ የምትለሰልሰውን ድምፅ፣ እንግዳው ሲሄድ የምታመጣውን ሌላውን ድምፅ ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች። እንጀራዋ በዚያ እውቀት ላይ የተንጠለጠለ ነውና አጥንታዋለች። የቤቱ ልጅ ገረድ ስትሆን ግን ትደናገራለች። ውኃው ከየት እንደሚቀዳ አታውቅም። እሳቱ በስንት ሰዓት እንደሚያያዝ አታውቅም። ገረዷ የት እንደምትተኛ፣ ምን እንደምትለብስ፣ ከምሳ የተረፈው ምን ያህል እንደሚደርሳት አታውቅም። አንዷ ሁለቱንም ኑሮ ታውቃለች፤ ሌላዋ አንዱን ብቻ።

ታሪኩን ለመተረክ የበለጠ ብቃት ያላት ማን እንደሆነች ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ይሁንና ግማሹን ብቻ የምታውቀው ተራኪ ሆነች፤ ሙሉውን የምታውቀው ደግሞ ተተራኪ ሆነች። እንዲህ የሆነው በጥበብ ሕግ አይደለም። ብዕር በማን እጅ እንደገባና መጀመሪያ ፊደል የቆጠረው ማን እንደሆነ የወሰነው ነው። መድረኩም ቢሆን ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። ለብዙ ዓመታት በመድረክ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ድራማ ገረድ የምትገባው ቡና ለማቅረብና በገጠር አነጋገሯ ተመልካቹን ለማሳቅ ነበር። የከተማው ሰው የሳቀው በራሱ እናት ወይም አያት አነጋገር መሆኑን ያስታወሰው አዘጋጅ ጥቂት ነው።

አንድ ዴስክ ላይ

እንግዲህ በሁለት መደብ ልጃገረዶች መካከል እውነተኛ ጓደኝነት ፈጽሞ አልነበረም ማለት ነውን? አይደለም። ነበረ። የነበረው ግን ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ያውም በአንድ ዴስክ ላይ።

ከጣልያን ወረራ በፊት የተከፈተውና ከአብዮቱ በኋላ የካቲት 12 የተባለው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት፣ በኋላም በየከተማው የተከፈቱት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ከልዩ ልዩ ቤት የመጡ ሴቶች ልጆችን በአንድ ክፍል አስቀምጠዋል። የሕዝብ እንደራሴ ለመሆን የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚያ ትምህርት ቤት ኃላፊነታቸው ጊዜ ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸውን በመድረክ ያቆሙ ነበር። እርግጥ ነው፤ የአገሪቱ ሴት ልጆች እጅግ የሚበዙት ከዚያ ደጅ አልደረሱም። የደረሱት ግን አንድ ነገር አገኙ። የትምህርት ቤቱ ልብስ አንድ ነው። መምህሯ ሁለቱንም «አንቺ» ትላቸዋለች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የሂሳብ ጥያቄ የማን አባት ስንት ጋሻ መሬት እንዳለው አይጠይቅም።

ልዩነቱ በዕረፍት ሰዓት ይመለሳል። በምሳ ዕቃና በቆሎ፣ በጫማና በባዶ እግር፣ በአዲስ ደብተርና በሁለቱም ገጽ ተጽፎበት ባለቀ ደብተር ይታያል። ሲለቀቁ አንዷን መኪና ይጠብቃታል፤ ሌላዋ ወደ ዘመድ ቤት ትሮጣለች፤ እዚያ የሚጠብቃት የሊጥ ቡሃቃና የውኃ እንስራ ነው። ቢሆንም በቀን ውስጥ ጥቂት ሰዓታት ነበሩ። በእነዚያ ሰዓታት ድኻይቱ ልጅ የምትሰጠው ነገር ነበራት፤ ስለዚህ የምትነፍገውም ነበራት። «ዛሬ የቤት ሥራዬን አላስገለብጥሽም» ማለት ትችል ነበር። «በፈተና ቀን መልስ አላሳይሽም» ማለት ትችል ነበር። የባለጸጋዋ ልጅ ይህን እምቢታ ሰምታ፣ አኩርፋ፣ በማግስቱ ተመልሳ እዚያው ዴስክ ላይ ከተቀመጠች የጓደኝነት ታሪክ የተጀመረው በዚያች ማግስት ነው። ደራሲ ሊጽፈው የሚገባው ኩርፊያና ዕርቅ ይህ ነው።

ታዲያ ያ ዴስክ በአየር ላይ የተንሳፈፈ አልነበረም። የአብዮቱን ዋዜማ የሚተርኩ ብዙ ድርሰቶች የካቲት 1966 ዓ.ም.ን ሲያነሡ ነዳጅንና ታክሲን፣ ወታደርንና ደመወዝን ይጠቅሳሉ። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። የታክሲ ነጂዎች የነዳጅ ዋጋ በመጨመሩ ሥራ ያቆሙት የካቲት 11 ቀን ነው። በዚያው ቀን ግን የመምህራን ማኅበርም አድማ መትቶ ነበር። መምህራኑን ካስነሡት ምክንያቶች አንዱ የደመወዝ ጥያቄ ቢሆንም፣ ሌላውና ወላጅንና ተማሪን ከጎናቸው ያሰለፈው «የትምህርት ዘርፍ ጥናት» የተባለው ዕቅድ ነበር። ዕቅዱ ለብዙኃኑ ልጆች አራት ዓመት የሚፈጅ መሠረታዊ ትምህርት ሰጥቶ፣ ከዚያ በላይ ያለውን የቀለም ትምህርት ለጥቂቶች የሚያጠብ ነው ተብሎ ተወገዘ። የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ወደ ማረሻው፣ የሀብታም ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ማለት ነው ተባለ። መንግሥት ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ።

በሌላ አነጋገር፣ በየካቲት 1966 አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከወጡት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው የዴስኩ ጥያቄ ነበር። ድኻይቱ ልጅ ከባለጸጋዋ ልጅ አጠገብ እስከ መቼ ትቀመጣለች? እስከ አራተኛ ክፍል ወይስ እስከ መጨረሻው? አብዮቱ መጥቶ የልጃገረዶችን ጓደኝነት አፈረሰ የሚለው ተረት ይህን አንድ እውነት ይደብቃል። ዴስኩን ሊወስድ የመጣው አሮጌው ሥርዓት ነበር፤ ሕዝቡም ከተነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ ዴስኩ አይወሰድም ለማለት ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

በዚህ ወቅት ከላይኛው መደብ የተነሡ ሴቶችም የራሳቸውን እምቢታ ማሰማታቸው ሊዘለል አይገባም። የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ የብርጋዴር ጄኔራል ልጅ ነበረች። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከዋለልኝ መኮንንና ከሌሎች ጓዶቿ ጋር በአውሮፕላን ጠለፋ ሙከራ ላይ ተገደለች። የድርጊቱ ትክክልነት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ይከራክርም። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ከራስ መደብ ወጥቶ ከሌላው ጋር መቆም ዋጋ ነበረው። ጓደኝነትን ከትዝታ ማጣፈጫነት የሚያወጣው ይህ ዋጋ ነው። የቤቱ ልጅ ለገረዷ ጓደኝነት ስትል ምን አጣች? አንዲት ቁርስ እንኳ ካላጣች፣ ከእናቷ ጋር አንድ ቀን እንኳ ካልተጣላች፣ ስለ ራሷ ደግነት መጻፏን ትተው።

ሁለተኛው ስሕተት

የናፍቆት ጸሐፊዎች ብቻ ቢወቀሱ ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየቀበሌው የኪነት ቡድን፣ አልፎ አልፎም በትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ሌላ ዓይነት ድርሰት በዝቶ ነበር። በዚያ ድርሰት ገረዷ በመጀመሪያው ገቢር ትደበደባለች፤ በሁለተኛው ትነቃለች፤ በሦስተኛው እጇን ጨብጣ ወደ ላይ ታነሣለች። የቤቱ ልጅ ደግሞ ወይ ጨካኝ ናት፣ ወይ ንስሓ ገብታ ከገረዷ እግር ሥር ትንበረከካለች። በመካከላቸው ጓደኝነት አይታሰብም፤ የመደብ ጠላቶች ናቸውና።

ይህ ድርሰት ከናፍቆቱ ድርሰት ተቃራኒ ይመስላል እንጂ የተቃራኒነቱ ያህል አይርቅም። ሁለቱም ዘንድ ድኻይቱ ልጅ የራሷ ሐሳብ የላትም። በአንዱ የእመቤት ልጅ የደግነት መስተዋት ናት፤ በሌላው የመፈክር ማንጠልጠያ ናት። በአንዱ ውስጥ እምቢ አትልም፤ በሌላው ውስጥ እምቢ የምትለው ጸሐፊው ባዘዛት ሰዓት ነው። የታዘዘ እምቢታ ደግሞ ያው እሺታ ነው። መደብን ማወቅ ለደራሲ ግዴታ ነው፤ ሰውን ማወቅ ግን ከዚያ አያሳንሰውም። የመደብ ትንተና የሁለት ልጆችን ኩርፊያ ማስረዳት ካቃተው፣ ጉድለቱ ያለው ትንተናውን እንደ ክታብ አንገቱ ላይ ባንጠለጠለው ጥራዝ ነጠቅ እንጂ በልጆቹ ላይ አይደለም።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የመደብን ግንብ ጠልቆ የማየት ችሎታ አንሶት አያውቅም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የፊታውራሪን ልጅ ከድኻው መምህር ጋር አጋጥሞ የግንቡን ውፍረት አሳይቷል። የብርሃኑ ዘርይሁን «ማዕበል»ም የአብዮቱን ዋዜማ፣ መባቻና ማግሥት በሦስት ክፍል ተከታትሏል። ይሁን እንጂ ግንቡ በብዛት የታየው በወንድና በሴት ፍቅር በኩል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በፍቅርና በጋብቻ ዘር ይቆጠራል፤ ውርስ ይነካል፤ አባት ጦር ይመዛል። የሁለት ልጃገረዶች ጓደኝነት ግን ማንንም አላስቆጣም፤ ስለዚህ ማንም አልቆጠረው። ሳይቆጠር ያለፈውን መቁጠር ደግሞ የጥበብ ሥራ ነው።

ፈተናው ሲገለበጥ

ከሁለቱም ዓይነት ድርሰቶች የጎደለው ትልቁ ምዕራፍ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የሕዝብ ሀብት ሆነ። የባለጸጋዋ ልጅ አባት መሬቱንና የሚያከራየውን ቤት አጣ፤ አንዳንዱም ሕይወቱን ወይም ነጻነቱን አጣ። ገረድ የነበረችው በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ ስሟን አስመዘገበች። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ የጓዳ ሴቶች ስማቸውን በገዛ እጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

በዚሁ መካከል ግን 1969 እና 1970 ዓ.ም. አሉ። በእነዚያ ዓመታት የቀይ ሽብር በትር በየመንደሩ ወጣቶችን ጨረሰ። ከሟቾቹ የሚበዙት ትናንት በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ የድኻም የሀብታምም ልጆች። ያን ጊዜ ሚዛኑ ተገለበጠ። ትናንት የምትታዘዘው ዛሬ የምትጠየቅ ሆነች። «የት ተደብቃለች? ከማን ጋር ትገናኝ ነበር?» የሚል ጥያቄ የጓዳውን በር አንኳኳ። ቤቱን፣ ዘመዱን፣ መደበቂያውን እንደ እርሷ የሚያውቀው አልነበረም፤ የሁለቱንም ኑሮ ታውቅ ነበርና።

አንዲት ገረድ የነበረች ሴት ያን ጥያቄ ስትሰማ የምትመልሰው መልስ ከማንኛውም የልጅነት ጨዋታ ይበልጥ ጓደኝነትን ይፈትናል። ብትናገር በቀሏን ተወጣች፤ የሚወቅሳትም አይኖርም። ዝም ብትል ሕይወቷን አስያዘች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺም እምቢም በእጇ ነው። እነዚያ ዓመታት በየሰፈሩ ሁለቱንም መልስ ሰምተዋል። የተናገሩ ነበሩ፤ ዝም ያሉም ነበሩ። የናፍቆት ጸሐፊ ይህን ምዕራፍ አይጽፍም፤ ገረዷን በውለታ ባለዕዳነት ትቷታልና ባለውለታ ሆና ሊያያት አይፈልግም። የመፈክር ጸሐፊም አይጽፈውም፤ ያ ዝምታ ከየትኛው የመደብ አቋም እንደመጣ ሊመድበው አይችልምና። በሁለቱ መካከል ታላቁ ታሪክ ወደቀ።

ዛሬም ያልተዘጋ በር

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ወሬ ነው የሚል ካለ ወደ ሕጉ ይመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግል አገልግሎት የሚደረግን ቅጥር ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጎ፣ ጉዳዩን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚወጣ ደንብ ተወው። ባሕር ተሻግረው በዓረብ አገር ቤቶች ለሚቀጠሩት ሴቶች ግን ከዚያ አስቀድሞ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጥቷል። በባዕድ ጓዳ ያለችው እህት ታየች፤ በገዛ አገሯ ጓዳ ያለችው ገና ተራ ጠባቂ ናት። ለምን? በባዕድ ጓዳ ያለችው «የቤት ሠራተኛ» ስትባል፣ በአገር ቤት ጓዳ ያለችው አሁንም «እንደ ልጃችን ናት» ስለሚባል ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ከድርሰት ወጥታ ሕግ እስከ ማዘግየት የምትደርሰው እንዲህ ነው። ኪነ ጥበብ ጉዳት የለውም፣ መዝናኛ ብቻ ነው የሚሉ ሁሉ ይህን ያስቡበት።

ከዚህ አኳያ የሚጠበቀው ግልጽ ነው።

ደራስያን ሁለቱን ልጆች ከሳሎን ያውጧቸው። ማዕዘኑን ይለውጡ፤ ሁለቱንም ኑሮ የምታውቀው ትተርክ። የገረዷ ደመወዝ ስንት እንደነበር፣ የት እንደተኛች፣ ስሟ ማን እንደነበር የማይመልስ ድርሰት ስለ ጓደኝነት ለመናገር ገና አልበቃም።

የቴአትር አዘጋጆች ቡና ይዛ የምትገባውን ተዋናይት ቢያንስ አንድ ጊዜ ትሪውን አስቀምጣ እንድትቀመጥ ያድርጓት። ከዚያ ተመልካቹ መሳቁን ያቆም እንደሆነ ይታያል።

መምህራን የሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜያቸውን ይጠቀሙበት። ተማሪዎቻቸው በቤታቸው የምትሠራውን ልጅ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀዬዋንና ያቋረጠችውን ክፍል ያውቁ እንደሆነ ይጠይቋቸው። መልሱ ከማንኛውም የድርሰት መልመጃ ይበልጥ ያስተምራል። በዚያው ክፍል ውስጥ ቀን ሠርታ ማታ የምትማር ተማሪ ልትኖር እንደምትችልም አይርሱ፤ ዴስኩ ዛሬም የእርሷ ነው።

ካድሬዎችም ቢሆኑ ከመድረክ በፊት ከጓዳቸው ይጀምሩ። ስለ ሴቶች እኩልነት በአዳራሽ ተናግሮ ማታ ቤት ሲገባ እግሩን የሚያሳጥብ ሰው የተናገረውን የሚያውቅበት አንድ ምስክር ሁልጊዜ አለው፤ ውኃውን የምታሞቀው ልጅ።

የሁለት መደብ ልጃገረዶች ጓደኝነት በአብዮቱ ዋዜማ በኢትዮጵያ ነበረ፤ ጥቂት ነበር፤ ውድ ነበር። የተሠራው በደግነት ሳይሆን ሁለቱ እኩል በተቀመጡባቸው ጥቂት ሰዓታት ነው። እነዚያን ሰዓታት ማብዛት የሕግ፣ የትምህርትና የኑሮ ሥራ ነው። እነርሱን በእውነት መመስከር ደግሞ የኪነ ጥበብ ድርሻ ነው። «እንደ ልጃችን ነበረች» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ዕድሜዋን ጨርሳለች። በእርሷ ምትክ የሚጻፈውን የምታውቀው ያቺው ልጅ ናት፤ ብዕሩ ይሰጣት።